የታጠበው እርሾ

ወንድ ልጅ ሽርጥ ታጥቆ ሊጥ ሲያሽ አይታችሁ ሳትስቁ ካለፋችሁ፣ እናንተ የእኔ ሰፈር ሰዎች አይደላችሁም። የእኔ ሰፈር ሰው ይስቃል። በሬን ከፍቼ ስጋግር ያየኝ መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ምክር ሳይሰጠኝ አያልፍም። አንዱ "ሚስት አግባ" ይለኛል። ሌላው "ቢያገባማ ሚስቱን ሥራ ሊያስፈታት ነው" ይላል። እኔም እያሸሁ እሰማለሁ፤ ሊጥ የያዘ እጅ ለክርክር አይመችም።

ቤቴ ወልድያ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ቢራ ጠመቃ። ቢራ ስላችሁ እነዚያን ትልልቅ ፋብሪካዎች እንዳታስቡ። የእኛ አንድ ግቢ፣ ጥቂት የሚያብረቀርቁ ጋኖች፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደ ጉንፋናም ሰው የሚያስል ማቀዝቀዣ፣ እና የአገሩ ገብስ በአገሩ ሰው እንዲጠጣ የሚመኝ አንድ ባለቤት ነው። ሰው ጠማቂ ሲባል ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ የሚውል ይመስለዋል። ድንጋይ አደናቅፎኝ ትንሽ ብንገዳገድ "ዛሬ ደግሞ ከጠዋቱ?" ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጠማቂ ማለት ሲያጥብ የሚውል ሰው ነው። ጋን ያጥባል፣ ቱቦ ያጥባል፣ ወለል ያጥባል፣ ከዚያ የታጠበውን ዕቃ መልሶ ያጥባል።

ዳቦ መጋገሩንም ያመጣብኝ ይኸው ሥራ ነው። እርሾን ሳገለግል ስኖር ጠባዩን አወቅሁት። ሙቀት ይወዳል፣ ጣፋጭ ነገር ይወዳል፣ ችኮላ አይወድም። ሲደሰት አረፋ ያወጣል፣ ሲያዝን ዝም ይላል። ከማውቃቸው ሰዎች ከብዙዎቹ የተሻለ ግልጽ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቴ በሱቅ እርሾ ዳቦ መጋገር ጀመርኩ፤ ዳቦውም ሆነልኝ፤ ከሆነልኝ በኋላ ደግሞ የሚበላው ሰው አስፈለገኝ።

የሚበሉት እማማ ዘሀራ ነበሩ። እማማ ዘሀራ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፣ ከእጃቸው ሙስበሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያቸው፣ አይለይም፣ ሰው ሲያመሰግኑ አንድ ቃል፣ ሲቆጡ ደግሞ ግማሽ ቃል ነው የሚያወጡት። እሳቸው እስላም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። በእኛ አገር ይሄ ለጠብ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ብቻ ሥጋችን ይለያያል። እኔ ለፋሲካ ያረድኩትን እሳቸው አይቀምሱም፣ እሳቸው ለአረፋ ያረዱትን እኔ አልቀምስም። ታዲያ በዓል በመጣ ቁጥር በአጥሩ ላይ የሚሻገረው ምንድን ነው? ዳቦ ነው። ባቄላ ነው። ንፍሮ ነው። ሥጋው ባለበት ሲቀር እነዚህ ናቸው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱት። እኔ ወንደላጤ ነኝ፤ ወላጆቼም አልፈዋል። ለእኔ ያ አጥር ላይ የሚሻገር ሳህን ዘመዴ ነበር።

ቢራ ቤቱ የተቀጠርኩ ሰሞን እማማ ዘሀራ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ጠሩኝ።

"የሥራህ ነገር እወጥ ቤትህ ይገባል?" አሉኝ።

"አይገባም፣ እማማ።"

"በቃ" አሉ፤ ሄዱ። አላስማሉኝም፣ ምክርም አልሰጡኝም። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። የሥራ ልብሴን ደጅ ላይ አወልቃለሁ፣ ጫማዬ ደጅ ያድራል፣ እጄን እስከ ክንዴ ሳልታጠብ ዱቄት አልነካም። እሳቸውም ዳቦዬን ሳይጠይቁ፣ ሳያሸቱ፣ ሳያገላብጡ ይበሉ ነበር።

አሁን ወደ መከራዬ ልግባ። እህታቸው እትዬ ፋጡማ መርሳ ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። እማማ ዘሀራ ለኒካው ቀን "ዳቦው በእኔ" ብለው ቃል ገቡ። ሠርጉ ሲቃረብ ጉድጓድ ዘለው እጃቸው ወለም አላቸው። በዚያ ዕድሜ ጉድጓድ ምን አዘለላቸው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ግማሽ ቃል ነበር የማገኘው።

"አንተ ጋግርልኝ" አሉኝ። "ሊጡን ከዚህ አቡክተን እንሂድ። እዚያው ተጋግሮ ትኩሱን ይቆረሳል።"

እኔ ደግሞ ሰው ሲያምነኝ ልቤ ያብጣል። "እማማ፣ መርሳ እንደዚህ ያለ ዳቦ አይታ አታውቅም" አልኩ። መርሳ ያየችውንና ያላየችውን በምን አውቄ? አፍ ከተከፈተ ግን መዝጊያው አይገኝም።

በዋዜማው የሱቅ እርሾ ገዝቼ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨመርኩትና ጠበቅሁ። አንዲት አረፋ አላወጣም። ስኳር ጨመርኩለት፤ ስኳሩን ውጦ ዝም አለ። ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ እሱም የዚያው የሞተው ወንድም ኖሯል። ባለሱቁን ብወቅሰው "እኔ አምጥቼ እሸጣለሁ እንጂ እርሾ አልወለድኩም" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን በማግስቱ ለሠርግ ታዳሚ ዳቦ ማቅረብ ነበረብኝ።

ያኔ ነው የቢራ ቤታችን ጋን ትዝ ያለኝ። ቢራው ተቀድቶ ሲያልቅ ከጋኑ ሥር የሚቀር ነጭ፣ ወፍራም፣ ለምለም እርሾ አለ። ሕያው ነው። ጎበዝ ነው። ሱቅ ከሚሸጠው ጋር አይወዳደርም። ወዲያው በጭንቅላቴ ውስጥ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ዳኛው እኔ፣ ጠበቃው እኔ፣ ምስክሩም እኔ። ጠበቃው "እርሾ ቢራ አይደለም፤ ቢራ ውስጥ የነበረ ነው እንጂ" አለ። ምስክሩ "ደግሞም ይታጠባል" አለ። ይታጠባል በእርግጥ። እኛ ጠማቂዎች እርሾን መልሰን ልንጠቀምበት ስንፈልግ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ እናጥበዋለን፤ ይዘቅጣል፣ ላይ ላዩን እንደፋለን። እኔም ከጋኑ ቀድቼ አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። ሦስተኛም ጨመርኩ። እስላሞች ሲታጠቡ ሦስት ሦስቴ እንደሆነ ከእማማ ዘሀራ ጓሮ አይቻለሁ፤ እርሾዬም ለሶላት የደረሰ መሰለኝ። ጉድ እኮ ነው፤ ሰው ራሱን ሲያታልል ሃይማኖት ይጠቅሳል። በመጨረሻም አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ዳኛው ከሳሿን ሳይጠራ ፈረደ።

ችግሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከብቅል ጋር የዋለ አፍንጫ የቢራን ሽታ እንደ አየር ነው የሚቆጥረው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የገባኝ ግን ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ሲነጋጋ አቡክቼ፣ ሊጡን ክዳን ባላቸው ሁለት ባልዲዎች ሞልቼ፣ ጥቁር አዝሙዱንና ድምብላሉን በወረቀት ጠቅልዬ ከእማማ ዘሀራ ጋር መናኸሪያ ወረድን። አንዱን ባልዲ ከእግሬ ሥር፣ ሌላውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እሳቸው ከጎኔ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ከፊታችን ነጭ ጋቢና አዲስ ሱሪ የለበሱ አያ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸውን ገና ሳንነሳ ለመኪናው ሁሉ ነግረውናል። መርሳ የልጃቸው ቤት መሄዳቸው ነው።

ከወልድያ ወደ መርሳ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በወረዳችሁ ቁጥር ይሞቃል። መስኮት የሚከፍት ግን የለም። እኛ ሰዎች በሙቀት ብንሞት እንመርጣለን፣ ብርድ ከሚመታን። ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል ጭኔ ላይ ያለው ክዳን ቀስ ብሎ ተነሳ። ተጫንኩት። ደግሞ ተነሳ። ረዳቱ አየኝና "ወንድም፣ ባልዲህ ይተነፍሳል" አለኝ።

"ሊጥ ነው" አልኩ።

"የምን ሊጥ?" አሉ አያ በላይ ዞር ብለው። አሸተቱ። "ጠላ ነው እንጂ የጫንከው።"

"ጠላ ጢስ ጢስ ይላል" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። "ይሄ ቢራ ነው።"

"የገብስ ቢራ ነው" አለ ሌላ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደሚቀምስ ሰው። "እንደዚህ የሚሸት ወልድያ መግቢያው ላይ ያለው ግቢ ነው።"

መኪናው ሙሉ ሰው በእኔ ባልዲ ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። እኔ "ሊጥ ነው" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፋኝ። ከጎኔ የሙስበሃው ጠጠር ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ዞሬ ማየት አቃተኝ። ባላየኋቸው ጊዜ ይበልጥ አየኋቸው።

በዚህ መካከል ሾፌሩ ለአህያ ብሎ ፍሬኑን ረገጠው። ሁለቱ ክዳኖች አብረው ተነሱ። የጭኔ ባልዲ ሊጥ በአያ በላይ ጋቢ ላይ አልፎ አዲሱ ሱሪያቸው ላይ ተኛ፤ የታችኛው ከወንበር ሥር ወጥቶ የረዳቱን ጫማ አገኘ። መኪናው ቆመ፣ መስኮቱ በመጨረሻ ተከፈተ፣ ሁሉም ወርዶ መንገድ ዳር እየሳቀ ሊጡን አራገፈ። አያ በላይ በጣታቸው ከሱሪያቸው ላይ አነሱና ቀመሱ። "ልጄ፣ ይሄ ቢጋገር ጥሩ ይወጣዋል" አሉ። እማማ ዘሀራ ብቻ አልሳቁም። ከመኪናው ርቀው ወደ ማሽላው ማሳ ዞረው ቆመው ነበር።

መርሳ ስንደርስ ወደ እህታቸው ቤት አልሄዱም። ከመናኸሪያው አጥር ጥላ ሥር ቆሙና ዞሩብኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ኪሴ ውስጥ የሱቁ እርሾ ባዶ ወረቀት ነበር። ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። "ይኸው እማማ፣ ከሱቅ ነው፤ ሽታው ከልብሴ ነው" ብል ያምኑኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያላመኑኝ ጊዜ የለም። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። የፈራሁት አያምኑኝም ብዬ አይደለም፤ ያምኑኛል ብዬ ነው።

"የቢራ ቤቱ እርሾ ነው" አልኩ። "የሱቁ ሞቶ አገኘሁት። ግን አጥቤዋለሁ። ሦስቴ።"



"እኔ ዓሊም አይደለሁም" አሉ ቀስ ብለው። "የታጠበ እርሾ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ዓሊሞች ናቸው፤ እነሱን ጠይቅ። እኔ አንተን የጠየቅሁህ እሱን አልነበረም። ይገባል ወይ አልኩህ። አይገባም አልከኝ።"

ያ ሁሉ ጠበቃ፣ ያ ሁሉ ምስክር የት እንደገባ አላህ ይወቅ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አያ በላይ ሱሪያቸውን እየጠረጉ አጠገባችን ቆመው ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። "እንግዲያስ የተረፈው ሊጥ ለእኔ ይሁን" አሉ። "እኔ እንደሆንኩ ክርስቲያን ነኝ፣ ሱሪዬም አስቀድሞ በልቷል።" ሁለቱንም ባልዲ አንጠልጥለው እየመረቁኝ ሄዱ። የተረፈኝ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል ብቻ ሆነ።

እትዬ ፋጡማ ግቢ ድንኳኑ ተተክሏል፣ እንግዳው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነው የሚገባው። እትዬ ፋጡማ ባዶ እጃችንን አይተው "ዳቦውስ?" አሉ።

እዚህ ላይ እማማ ዘሀራ ሁሉንም መናገር ይችሉ ነበር። ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው፤ የሚዋረዱትም እሳቸው። ወደ እኔ አላዩም።

"እርሾው አልሆነም" አሉ። "ቂጣ ይጋግርልናል።"

"ለኒካ ቂጣ?"

"ለኒካ ቂጣ።"

እህታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ዱቄት አወጡ። እኔም እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና አስታጥበውኝ ከምጣዱ ፊት ተቀመጥኩ። እርሾ የለመደ ሰው ቂጣ ሲጋግር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይነሳልኛል እያልኩ እጠብቀዋለሁ። የመጀመሪያው አረረ፣ ሁለተኛው ድንጋይ ሆነ። የግቢው ሴቶች ድስታቸውን ጥለው ከበቡኝ።

"ይሄን በምን ነው የምንቆርሰው፣ ወንድምዓለም? በመጥረቢያ?" አለች አንዷ።

"ተይው፤ የጨነቀውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ" አለች ሌላዋ፤ አጠገቤ ተቀምጣም እጄን እየመታች ሊጡን አቀጠነችልኝ። እየቀለዱብኝ አስተማሩኝ፤ እየተማርኩ ጋገርኩ። ትኩሱን ቆራርሰው በቅቤና በበርበሬ አሽተው በትልቅ ትሪ አቀረቡት። መራቂው ሸህ ቀመሱና ደገሙ። ከመርሳ ሽማግሌዎች አንዱ "ዳቦማ የትም ሠርግ አለ" ሲሉ ሰማሁ። እማማ ዘሀራም ቆርሰው በሉ። እኔ ግን አልተጽናናሁም። ዱቄቱ የእህታቸው፣ ምጣዱ የእህታቸው፣ እጄንም ያስታጠቡት እህታቸው ናቸው። እሳቸው የበሉት የእህታቸውን ቤት ቂጣ ነው፤ የእኔን አይደለም።

ወልድያ ስንመለስ በር ላይ "ደህና እደር" አሉኝ፤ ገቡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ የሱቅ እርሾ አግኝቼ ጋገርኩና በአጥሩ ላይ ሳህን አሻገርኩ። "ዛሬ ጾመኛ ነኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ሳሻግር ሆዳቸውን አሟቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ "አሁን በልተን ተነሳን፣ አብሽር" አሉኝ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ሁሉም በትህትና ነው። ሳህኑም በየጊዜው ሙሉውን ተመለሰ። ዳቦ ብቻውን የሚበላ ሰው ታውቃላችሁ? ዳቦው ጎሮሮ ላይ ይቆማል። ለሥራ ባልደረቦቼ ወሰድኩት፤ አሞገሱልኝ። ሙገሳው ደስ አላለኝም። የማይበሉልኝን ሴት ነበር የምፈልገው።

አንድ ቅዳሜ ዱቄት ስነፋ በሬ ተንኳኳ። እማማ ዘሀራ ናቸው። እስከዚያ ቀን ቤቴ ገብተው አያውቁም፤ ነገራችን ሁሉ በአጥር ላይ ነበር። ሳይጠየቁ አልፈው ወጥ ቤቴ ገቡ። ዕቃውን አንድ በአንድ አነሱ፣ ክዳን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እንኳ አዩ። ከዚያ በርጩማ ዱካዬን ሳቡና ተቀመጡ።

"በል ጋግር" አሉ።

ጋገርኩ። ዱቄቱን ስነፋ፣ እርሾውን ስከፍት፣ ሳሽ፣ ሊጡ እስኪነሳ ስንጠብቅ፣ ሁሉንም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ከእሳት ሲወጣ ቆርሰው በሉ። ደስ ብሎኝ ጮቤ ልረግጥ ስል ግማሽ ቃላቸው መጣ።

"በፊት በቃልህ ነበር የምበላ" አሉኝ። "አሁን በዓይኔ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። እኔ እጋግራለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያወሩልኛል፣ ስለ ማቀዝቀዣችን አወራላቸዋለሁ፣ ይስቃሉም። ዓይናቸው ግን ከእጄ አይነሳም። አንዳንዴ ይከብደኛል፤ የገዛ ወጥ ቤቴ ውስጥ ጠባቂ የቆመብኝ ይመስለኛል። ሆኖም ባይመጡ ይብስብኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጅ ታሞባቸው ሌሊቱን ሳይተኙ ነው የመጡት። እንደተቀመጡ ዱቄቱን ገና ሳልነፋ አንገታቸው ዘንበል አለ። ጠራኋቸው፤ አልሰሙኝም። ልቀስቅሳቸው ወይስ ልተዋቸው ብዬ ወንፊቱን ይዤ ቆምኩ። ቢነሱ ያዩኛል፤ ካልነሱ ያን ቀን ዳቦዬን ላይበሉት ነው። ደክሟቸው ነበር፤ ተውኳቸው። ለብቻዬ ነፋሁ፣ ለብቻዬ አቦካሁ፣ እንዲነሳ ጠበቅሁ፣ ጋገርኩ። ዳቦው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ነው ነቃ ያሉት።

"ተጋገረ እንዴ?" አሉ ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

"ተጋገረ።"

"እርሾውን ስትጨምር አላየሁህም።"

"አላዩኝም፣ እማማ።"

ዳቦውን አዩት። እኔን አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉና ከጠርዙ ቆረሱ፣ "ቢስሚላህ" አሉ፣ እያላመጡ ወደ ጣሪያው አዩ።

"ጨው አንሶታል" አሉኝ።